ብርዱ ሲያልፍ መንገዱ የሚቦረቦረው ለምንድን ነው? የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ጉድጓዶች

በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ መንትያዎቹ ከተሞች በሚባሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ውስጥ ጃንዋሪ ላይ ሁለት የአገር ልጆች ሲገናኙ ወሬያቸው ብርድ ነው። ማርች ሲገባ ደግሞ ወሬው ሁሉ ጎማ ይሆናል። «ስኔሊንግ ላይ ያለችውን ጉድጓድ አየሃት?» «ማየት ብቻ! ገባሁባት እንጂ።» ኡበር የሚሠራው፣ ዕቃ የሚያደርሰው፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ሁሉ የራሱን የጉድጓድ ካርታ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው።

ግር የሚለው ነገር ጊዜው ነው። ብርዱ አጥንት ሰብሮ ሲገባ መንገዱ ደህና ነበር። በጃንዋሪ 2019 እዚህ ከተማ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ አስፋልቱ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ፀሐይ ብቅ ስትል፣ በረዶው ከጣሪያ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ «ተመስገን፣ ይሄንንም አለፍነው» ስንል ነው መንገዱ የሚፈርሰው። ምክንያቱም ጥፋተኛው ብርዱ ብቻውን አይደለም። ጥፋተኛው ውሃ ነው፤ ያውም በዜሮ ዲግሪ አካባቢ አንዴ እየረጋ አንዴ እየቀለጠ የሚመላለስ ውሃ። (እዚህ የምንኖረው በፋራናይት ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ዜሮን መነሻ ማድረግ ስለሚቀል በሴልሺየስ ልጻፈው። በፋራናይት 32 መሆኑ ነው።)

አስፋልት ስንል የምናየው ጥቁሩን የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛው ጠጠርና አሸዋ ነው። በክብደት ሲታይ ከመቶ 95 ገደማ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፣ አጣብቆ የሚይዘው ሬንጅ 5 ገደማ ነው። ከሥሩ የተጠቀጠቀ ጠጠር አለ። ከዚያ በታች አፈሩ ነው። የመኪናውን ክብደት በመጨረሻ የሚሸከመው ይህ ጠጠርና አፈር ነው። የጥቁሩ ንጣፍ አንዱ ትልቅ ሥራ ውሃ ወደ ታች እንዳይወርድ መከልከል ነው። ያን ሥራ ማቆም የጀመረ ቀን የመንገዱ ዕድሜ መቆጠር ይጀምራል።

ማቆሙ ደግሞ አይቀርም። ሬንጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርደው ይደርቃል። መሐንዲሶች ሬንጅን የሚመርጡት እንደየአገሩ አየር ጠባይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ከሚሠራባቸው አንዱ «58-34» የሚባል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር በበጋ ንጣፉ 58 ዲግሪ ቢሞቅ እንዳይላላ፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 34 ቢወርድ እንዳይሰነጠቅ ታስቦ መሠራቱን ያሳያል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ90 ዲግሪ በላይ ልዩነት መቻል አለበት ማለት ነው። አዲስ እያለ ይችላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን አየርና ፀሐይ ሬንጁን እያደረቁት ይሄዳሉ። ብርዱ ሲመጣ አስፋልቱ ይኮማተራል፤ መሳሳብ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። በሀይዌይ ስትነዱ ጎማችሁ በየተወሰነ ርቀት «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሄደውን እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲረግጥ ነው።

ስንጥቁ በራሱ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው በስንጥቁ የሚገባው ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። መኪና ውስጥ ሃይላንድ ረስቶ ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሲመጣ ፕላስቲኩ ተወጥሮ፣ አንዳንዴም ፈንድቶ ያገኘዋል። ስንጥቅ ውስጥ የገባውም ውሃ ማታ ሲረጋ ግራና ቀኙን ይገፋል። ቀን ሲቀልጥ የሰፋው ቦታ ሰፍቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ከትናንቱ የበለጠ ውሃ ይገባበታል። ማታ እንደገና። ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ በሚውልበት ሳምንት ይህ መመላለስ የለም፤ የረጋው እንደረጋ ይከርማል። ማርች ላይ ግን ቀን 5 ሲሆን ሌሊት ወደ ከዜሮ በታች 5 ይወርዳል። ለእኛ ደስ የሚል አየር ነው። ለመንገዱ ግን የዓመቱ ክፉ ጊዜ ነው።

እስካሁን ያልኩት ላይ ላዩን ነው። ዋናው ነገር ያለው ከሥር ነው።

በዚህ አካባቢ የቤት መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ጥልቀት እንዲኖረው የግንባታ ሕጉ ያዛል። አፈሩ ያን ያህል ጥልቀት ድረስ ሊረጋ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። መንገድ ሥር ደግሞ ቅዝቃዜው ከጓሮ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ጓሮ ላይ በረዶው ተከምሮ የምድሩን ሙቀት ይይዛል፤ መንገዱን ግን እኛው ጠርገን ለብርዱ እናጋልጠዋለን። አፈሩ እየረጋ ሲሄድ ዝም ብሎ አይረጋም። በተለይ ደቃቅ አፈር ከሥሩ ካለው እርጥበት ውሃ ወደ ላይ ይስባል። የተሳበው ውሃ ቅዝቃዜው ካለበት ሲደርስ ይረጋል። ሌላ ይሳባል፣ እሱም ይረጋል። እንዲህ እያለ ንጹሕ የበረዶ ንጣፍ አፈሩ ውስጥ በንብርብር ይሠራል። መንገዱ ያብጣል። ፌብሯሪ ላይ ትናንት ሜዳ የነበረው ጎዳና ላይ ጉብታ የምታዩት፣ መኪናው ሳይታሰብ የሚዘለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፣ በረዶውም መቅለጥ ይጀምራል። ግን የሚቀልጠው ከላይ ነው። ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቀልጦ ጭቃ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ገና እንደ ረጋ ነው። ውሃው ወደ ታች እንዳይሰርግ የረጋው አፈር ይዘጋበታል። ወደ ላይ እንዳይወጣ አስፋልቱ አለ። መሐል ላይ ይታሰራል። ክብደቱን ሊሸከም የተጠቀጠቀው ጠጠር በውሃ ይሞላና ጉልበቱ ይከዳዋል። አስፋልቱ ከሥሩ ደጋፊ ሳይኖረው ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ግን መንገዱ ምንም አልሆነም።

ይህን ጊዜ አውቶቡስ ይመጣል።

በ1958 እና በ1960 መካከል አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ የሙከራ መንገዶች ሠርተው፣ የጭነት መኪና እያመላለሱ የመንገዱን ጉዳት ለክተው ነበር። ያን ጊዜ የተገኘው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም። 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የእናንተ ኮሮላ ለዚህ መንገድ ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። መንገድ የሚሰብሩት አውቶቡስ፣ የቆሻሻ መኪናና የጭነት መኪና ናቸው። ሴንት ፖል ውስጥ ድሮ እያንዳንዱ ቤት የራሱን የቆሻሻ ድርጅት ይመርጥ ነበር። በአንድ ሠፈር በሳምንት ስንት ከባድ መኪና እንደሚመላለስ አስቡት። በ2018 ከተማው ሥራውን በሠፈር ሲያደራጅ ከቀረቡት ክርክሮች አንዱ ይኸው የመንገድ ጉዳት ነበር። የጭነት መኪና የምትነዱ ደግሞ ይህን ነገር በሌላ በኩል ታውቁታላችሁ። የሚኒሶታ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሚንዶት የሚሉት፣ በየዓመቱ በማቅለጫው ወቅት አንዳንድ መንገዶች ላይ የሚፈቀደውን የአክስል ጭነት ይቀንሳል። ሾፌሩን ለማስቸገር የወጣ ደንብ አይደለም። ከሥር የታሰረው ውሃ እስኪወጣ ድረስ ለመንገዱ ፋታ መስጠት ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ በአይ-94 ስትሄዱ አልበርትቪል አጠገብ «ሚንሮድ» የሚባል የመንገድ መሞከሪያ አለ። ከ1994 ጀምሮ አስፋልቱ ውስጥ መለኪያ እየቀበሩ ይህንኑ የሚከታተሉበት ቦታ ነው።

አውቶቡሱ ሲያልፍ ደጋፊ ያጣው አስፋልት ወደ ታች ይታጠፋል፤ በሸረሪት ድር መልክ ይሰነጣጠቃል። ጎማው ውሃውን ሲጨቁነው ውሃው በስንጥቁ ይፈናጠራል፤ ሲፈናጠር ደቃቁን አፈርና አሸዋ ይዞ ይወጣል። በስንጥቁ ዙሪያ ግራጫ ጭቃ ተረጭቶ ካያችሁ መንገዱ ሆዱን እየተፋ ነው። ሥሩ ክፍት ይሆናል። አንድ ቁራጭ ይነቀላል። ቀጣዩ ጎማ የተከፈተውን ጠርዝ ይመታል፣ ጠርዙ ይረግፋል። ሰኞ የሰሃን ያህል የነበረው አርብ የትሪ ያህል ይሆናል።

ጨውስ? ሰው ሁሉ በጨው ያሳብባል። ጨው ውሃ የሚረጋበትን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ውሃ ደግሞ ስንጥቅ ይፈልጋል። በዚህ በኩል ነገሩን ያባብሰዋል። ግን ያለ ጨው እንዴት ይነዳል? እዚህ ላይ እኔ ከጠራጊዎቹ ጋር ነኝ። በሌላ በኩል ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ገደማ ካለፈ ተራው ጨው ሥራው እየደከመ ይሄዳል። በዚያ ቀን በር ላይ ጨው እንደ ዘር መበተን ገንዘብ መጣል ነው፤ አሸዋ ይሻላል። ጉዳቱ ደግሞ መንገድ ላይ አያበቃም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ፣ 19 ሊትር ገደማ፣ ለመበከል እንደሚበቃ የሚኒሶታ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ያስታውሳል። ሐይቅ ውስጥ የገባ ጨው ተመልሶ አይወጣም።

ስለ ዜሮ ዲግሪ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ለመጣ ሰው የማይታመን ነው እንጂ፣ ከዜሮ በታች 20 ከሆነ ቀን ይልቅ ዜሮ አካባቢ የሆነ ቀን መንገዱ ያንሸራትታል። በጣም የቀዘቀዘ በረዶ ደረቅ ነው፤ ጎማ ትንሽም ቢሆን ይቆነጥጠዋል። ሊቀልጥ የደረሰ በረዶ ግን ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለው። ድልድይ ላይ ደግሞ ከላይም ከታችም አየር ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። እና «ዛሬ ሞቅ ብሏል» በተባለ ቀን ጠዋት ዝግ በሉ።

ጥገናው ለምን አይበረክትም?

«ባለፈው ሳምንት ደፍነውት አልነበር? ይኸው ተነቀለ!» የሁሉም ሰው ቅሬታ ነው። መልሱ ቀላል ነው። ፌብሯሪ ላይ የደፈኑት እንዲበረክት ብለው አይደለም፤ እስከ ግንቦት እንዲያደርስ ነው።

ትክክለኛው አስፋልት በጣም ሞቆ፣ ወደ 150 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይመጣና ሳይቀዘቅዝ በሩሎ ይጠቀጠቃል። በብርድ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አይጠቀጠቅም። ስለዚህ ሚኒሶታ ውስጥ አስፋልት የሚያመርቱት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ኖቬምበር ገደማ ዘግተው በጸደይ ይከፍታሉ። በመሐል ያለው አማራጭ ቀዝቃዛ ድብልቅ ነው። ሬንጁ በብርድም እንዲታሽ የሚያቀጥን ነገር ስለተጨመረበት በአካፋ ይዛቃል። ያ ልስላሴው ግን ድክመቱም ነው። በእርጥብ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ አይጣበቅም።

ሠራተኞቹ ሲሠሩ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ከመኪናው ላይ በአካፋ ይጨምራል፣ ሌላው ይከምረዋል፣ ከዚያ ራሷ የጭነት መኪናዋ ወደ ኋላ እየተመለሰች በጎማዋ ትረግጠዋለች። አላፊው «ይሄ ነው ሥራ?» ብሎ ይስቃል። መሳቅ አይገባም። በ1990ዎቹ በአሜሪካና በካናዳ በተደረገ ትልቅ የመንገድ ጥናት፣ እንዲህ ጨምሮ በጎማ ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ መርገጥ፣ ጉድጓዱን በመጋዝ ቆርጦና አድርቆ ከመሙላት ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ጥሩ ድብልቅ ከሆነ በብዙ ቦታ የሁለቱ ዕድሜ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ፈጣኑ ሥራ ደግሞ ሠራተኛውን በመኪና መሐል ለረጅም ሰዓት አያቆመውም። ልዩነቱ ያለው በመርገጡ ነው። አንድ አካፋ ጣል አድርጎ የሚሄድ ካያችሁ፣ ያን ጊዜ ብትስቁ እኔም አለሁበት።

እውነተኛው መፍትሔ በክረምት አይሠራም። የሚሠራው በበጋ፣ ማንም ስለ ጉድጓድ በማያስብበት ጊዜ ነው። ኦገስት ላይ መንገድ ዘግተው ስንጥቁን በጥቁር ነገር ሲሞሉ «ደህና መንገድ ላይ ምን ያስደክማቸዋል?» እንላለን። የሚያዋጣው ግን ደህናው መንገድ ላይ መድከም ነው። ስንጥቅ መድፈን ርካሽ ነው፤ ሥሩ የበሰበሰ መንገድን ቆፍሮ እንደ አዲስ መሥራት ግን የትየለሌ ገንዘብ ይፈጃል። ችግሩ ስንጥቅ ለመድፈን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም። ዕዳው እየተጠራቀመ ይሄዳል። የ2022-23 ክረምት 90 ኢንች በረዶ አወረደ፤ በመንትያዎቹ ከተሞች መዝገብ ሦስተኛው ነው። በጸደዩ ሴንት ፖል ያየችውን ጉድጓድ የነበርን እናውቀዋለን። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የከተማው ሕዝብ የአንድ በመቶ ተጨማሪ የሽያጭ ታክስ በድምፅ አጸደቀ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ይሰበሰባል። በ20 ዓመት ውስጥ 738 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ የቀረው ለፓርኮች ነው። ታክስ ደስ ባይልም፣ ይሄኛውን ጎማና ቸርኬ እየገዛን ከምንከፍለው ጋር አነጻጽሩት።

«አዲስ አበባም እኮ በረዶ ሳይኖር መንገዱ ይቦረቦራል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እዚያም ጥፋተኛው ውሃ ነው። ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ወደ ሥሩ ይሰርጋል፣ ከባዱ መኪና ይጨርሰዋል። የሚለየው እዚህ ውሃው በየሌሊቱ መርጋቱ ነው።

አሁን ወደ መሪው እንመለስ። ጉድጓድ ድንገት ፊታችሁ ቢመጣ እግራችሁ ወደ ፍሬን ይሮጣል። ፍሬን ከጉድጓዱ በፊት ያዙ፤ ልትገቡበት ስትሉ ግን ልቀቁ። ፍሬን ተይዞ ሲገባ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚደፋ ሞላው ይጨመቃል፣ ምቱን ቸርኬው ይቀበለዋል። ወደ ጎን መጠምዘዝ ከጉድጓዱ የባሰ አደጋ ያመጣል። ውሃ ያቆረ ቦታ ካያችሁ ጉድጓድ ነው ብላችሁ ገምቱ። የጎማ ነፋስ ደግሞ ብርዱ በ10 ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር በአንድ ፒ ኤስ አይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ የሳሳ ጎማ ቸርኬውን አያድንም። ከተመታችሁ በኋላ ጎማው ጎኑ ላይ እብጠት ካወጣ ውስጡ ተበጥሷል። እሱን ይዞ ሀይዌይ መውጣት የለም። መሪው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ደግሞ አላይመንት ያስፈልጋችኋል።

ኢንሹራንስ የሚከፍለው ኮሊዥን፣ ማለትም የራስን መኪና ግጭት የሚሸፍነው፣ ያለው ሰው ከሆነ ነው፤ ላያቢሊቲ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለውን፣ ብቻ ለገዛ ሰው አይሆንም። ያላችሁም ዲዳክቲብላችሁን፣ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡትን፣ አስቡ። ዲዳክቲብሉ 500 ዶላር ሆኖ ጎማና ቸርኬው 400 ከሆነ ስልክ መደወሉ ምንም አያመጣም።

ከተማውን ለማስከፈል ማመልከት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውድቅ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ ጉድጓዱ መኖሩን ቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ፣ ካወቀስ ለመጠገን በቂ ጊዜ ነበረው ወይ የሚለው ነው። ማንም ሳያመለክት የቆየ ጉድጓድ «አናውቀውም ነበር» ይባልበታል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በ311፣ በከተማው የአገልግሎት ስልክ፣ ደውሎ ማስመዝገብ ትርፉ እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ ዛሬ ያስመዘገባችሁት ነገ ለሚመታው ሰው ማስረጃ ይሆናል። ለከተማም ሆነ ለካውንቲ የሚቀርብ የጉዳት ማስታወቂያ ጉዳቱ ከታወቀ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ፎቶ አንሱ፣ ግን መኪናችሁን ዳር አቁማችሁ። ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ አጣሩ። ሌክ ስትሪት ሚኒያፖሊስ መሐል ቢሆንም የሄነፒን ካውንቲ ነው። ስኔሊንግ አቬኑ ደግሞ የስቴቱ መንገድ ነው፣ ቁጥር 51። ለተሳሳተው ቢሮ የላከ ሰው «የእኛ አይደለም» የሚል ደብዳቤ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ 180ው ቀን ግን አይጠብቀውም።